በእንግሊዝ አገር ሐራጅ የብራና መጽሐፍ፣ የጥንት ሰዓትና የቆዩ መጫወቻዎችን መርምሮ ስለ መግዛት

በአገራችን «ጨረታ» ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታሰበን የታሸገ ፖስታ፣ ሲፒኦና የጋዜጣ ማስታወቂያ ነው። በለንደንም ሆነ በትንንሾቹ የእንግሊዝ ከተሞች የሚካሄደው የጥንት ዕቃዎች ሽያጭ ግን ባንክ የያዘው ቤት ሲሸጥ ወደምናውቀው ሐራጅ ይቀርባል። ተጫራቾች በአዳራሹ ውስጥ፣ በስልክና በኢንተርኔት እየተፎካከሩ ዋጋ ይጨምራሉ፤ አጫራቹ መዶሻውን ሲመታ ሽያጩ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ «ሐሳቤን ለውጫለሁ» ማለት አይሠራም። በአንድ ቀን ሽያጭ ውስጥ የግዕዝ ዳዊት፣ የቁም ሰዓትና በካርቶን የተሞሉ የመጫወቻ መኪናዎች ተራ በተራ ሊቀርቡ ይችላሉ። ሦስቱ ዝምድና የሌላቸው ይምሰሉ እንጂ ሲመረመሩ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ዕቃው ከተሠራ በኋላ ምኑ ተፍቋል፣ ምኑ ተተክቷል፣ ምኑስ እንደገና ተቀብቷል? ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካታሎጉ የሚናገረውና የሚዘለው

እያንዳንዱ ዕቃ የሎት ቁጥር፣ አጭር መግለጫና «ከዚህ እስከዚህ ያወጣል» የሚል የዋጋ ግምት ይሰጠዋል። መግለጫው ቃል በቃል መመዘን አለበት። የሠሪው ስም ያለ ምንም ማለሳለሻ ከተጻፈ ድርጅቱ ሥራው የዚያ ሰው ነው ብሎ ያምናል ማለት ነው፤ «የእገሌ ነው ተብሎ የሚገመት» ሲል አንድ ደረጃ ይወርዳል፤ «በእገሌ አሠራር» ሲል ደግሞ ሠሪው ሌላ መሆኑን በትሕትና እየነገረዎት ነው። በመግለጫው መጨረሻ «ኤ/ኤፍ» የምትል ምልክት ካዩ ዕቃው ከነጉድለቱ እንደሚሸጥ ይወቁ፤ ጉድለቱ ምን እንደሆነ ግን ምልክቷ አትናገርም። ስለዚህ ሽያጩ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የዕቃውን ይዞታ የሚገልጽ ጽሑፍ፣ እንዲሁም የጀርባውን፣ የሥሩንና የውስጡን ፎቶግራፍ በኢሜይል ይጠይቁ። ከተቻለ ደግሞ ለዕይታ በተመደበው ቀን በአካል ይገኙ፤ የእጅ ባትሪ፣ አጉሊ መነጽር፣ ሜትርና አነስተኛ የአልትራቫዮሌት መብራት ይዘው ቢሄዱ ማንም አይገረምም።

ዳዊቱን ሲገልጡ

ብዙ ቦታ የምሰጠው ለብራና መጽሐፍ ነው፤ በዚህ ላይ የእኛ አንባቢ ከአጫራቹ የተሻለ ዓይን አለው። የካታሎጉ ጸሐፊ ዛሬ ስለ ሸክላ ሳህን፣ ነገ ስለ ብር ማንኪያ የሚጽፍ ሰው ነውና ግዕዝ እንዲያውቅ አይጠበቅበትም። «የኮፕቲክ መጽሐፍ ቅዱስ» ብሎ ያቀረበውን መጽሐፍ ገልጠው «ብፁዕ ብእሲ ዘኢሖረ በምክረ ረሲዓን» የሚለውን ካገኙ የያዙት ዳዊት ነው። ከመዝሙሩ በኋላ ብዙውን ጊዜ ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይ፣ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን ይከተላሉ፤ አንዱ ከጎደለ ወይም ከመካከሉ ከተቋረጠ ጥራዞቹን አንድ በአንድ ይቁጠሩ። ተቆርጦ የወጣ ቅጠል በስፌቱ አጠገብ ቀጭን ጉማጅ ትቶ ይሄዳል። እርግጥ ጸሐፊው ራሱ ነጠላ ቅጠል ሲያስገባም እንዲህ ያለ ጉማጅ ይተርፋል፤ ስለዚህ ጉማጅ ማየት ብቻ አይበቃም፣ ንባቡ ከገጽ ወደ ገጽ መቀጠሉን ማንበብ ያስፈልጋል።

መጽሐፉን የሚነኩት በታጠበና በደረቀ እጅ ይሁን። የጨርቅ ጓንት ጣትን ስለሚያደነዝዝ ብራናውን ለመቅደድ ያመቻል እንጂ አይጠቅምም። በጠርዙ ላይ መስመር ለማስመር በወስፌ የተወጉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ ቆዳው ሲፋቅ ተበስቶ የተሰፋውን ቦታ፣ ገበታው (የእንጨት ሽፋኑ) ከጥራዙ ጋር የተያያዘበትን ክር ይመልከቱ። ለዘመናት የተጸለየበት መጽሐፍ አውራ ጣት በሚያርፍበት በታችኛው ጥግ ይጠቁራል፤ ከዳር እስከ ዳር እኩል የጠቆረ ብራና ግን ሆነ ተብሎ ጢስ የጠገበ ወይም በሌላ ነገር የተነከረ ሊሆን ስለሚችል ያጠራጥራል።

ሥዕል ካለበት ጥንቃቄው ይጨምራል። ብራናውና ጽሕፈቱ የቆዩ ሆነው ሳለ ዋጋ ለማስወደድ በባዶ ገጾቹ ላይ አዲስ ሥዕል የተሳለባቸው መጻሕፍት ብዙ ናቸው። ባትሪውን ከጎን በኩል ዝቅ አድርገው ሲያበሩ ቀለሙ በቆየ የሰም ጠብታ ወይም በእድፍ ላይ ተቀምጦ ከታየ፣ እድፉ ከሥዕሉ ቀድሟል ማለት ነው። ከቅዱሱ ልብስ ሥር የማስመሪያ መስመርና የተፋቀ ፊደል ጥላ ከታየም ገጹ መጀመሪያ የጽሕፈት ገጽ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን ቅጠሎች ያንብቡ፤ የባለቤትነት ጽሑፍ የሚገኘው እዚያ ነው። በጸሎት መካከል የአንድ ግለሰብ ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም መተካቱ ብቻውን ክፉ ምልክት አይደለም፤ መጽሐፍ በውርስም በሽያጭም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ ልማድ ነው። የደብር ስም መፋቁ ግን ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ገጽ በቅርብ ሲያዩት «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን» (የሰረቀውም የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን) የሚለው ግዝት ጥርት ብሎ ይነበባል፤ ከበላዩ የደብሩ ስም በነበረበት ስፍራ ብራናው ሻክሮ፣ ሳስቶ፣ ብርሃን ሲያሳልፍ ይታያል። ግዝቱን ትቶ ስሙን ብቻ የፋቀው ሰው የትኛው ቃል እንደሚያስይዘው አሳምሮ ያውቅ ነበር።

ይህ ጥያቄ ከዋጋ በፊት የሚቀድምበት ምክንያት አለው። አፄ ቴዎድሮስ ባረፉበት በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የዘረፈውን ሰብስቦ በደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን በሐራጅ ሸጦታል፤ በዚያ ከተገኙት ገዢዎች አንዱ የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል የነበረው ሪቻርድ ሆምስ ነበር፤ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ያለው የመቅደላ የብራና ስብስብም ወደ 350 ይጠጋል። ስለዚህ ካታሎግ ላይ «የአንድ መኮንን ቤተሰብ ንብረት፣ 1868» የሚል ሐረግ ሲነበብ ለእንግሊዛዊው ገዢ የዋጋ ማድመቂያ፣ ለእኛ ግን የዝርፊያ ምስክር ነው። በ2021 በዶርሴት ለሐራጅ ቀርበው የነበሩ የመቅደላ ቅርሶች፣ መጽሐፍ ጭምር፣ ኢትዮጵያ ጠይቃ ከሽያጭ ወጥተዋል፤ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ገዝቷቸውም ለአገራቸው ተመልሰዋል። በ2024 ኒውካስል ላይ ሊሸጥ የነበረ የመቅደላ ጋሻም በተመሳሳይ መንገድ ከሐራጅ ወጥቶ አዲስ አበባ ገብቷል።

በቅርብ ዘመን የወጣ መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ ሕጉ ግልጽ ነው፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (እንደ እኛ አቆጣጠር) ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት ይከለክላል። ስለሆነም ድርጅቱ ሻጩ መጽሐፉን ከየት፣ መቼና በምን ሰነድ እንዳገኘው በጽሑፍ እንዲመልስልዎ ይጠይቁ፤ «ከግል ስብስብ» የሚል መልስ መልስ አይደለም። ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ በየአድባራቱ በማይክሮፊልም የተነሡ ብዙ ሺህ መጻሕፍት ምስል በአሜሪካ ሚኔሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ ብዙውንም በነፃ ተመዝግቦ በኢንተርኔት ማየት ይቻላል። የጸሐፊውን ስም፣ የሐረጉን (በገጹ ራስ ላይ የሚሳለውን ጌጥ) ቅርጽና የብራናውን ስፌት ከምስሉ ጋር ማመሳከር ጥቂት ምሽት ይወስዳል፤ ነገር ግን የአንድ ደብር መጽሐፍ የተገኘው እንዲህ ባለ ማመሳከር ከሆነ ምሽቱ በከንቱ አልጠፋም። ጥርጣሬዎ ከጸና ዋጋ አይስጡ፤ ከሽያጩ ቀን በፊት ለኢትዮጵያ ኤምባሲና ለቅርስ ባለሥልጣን የሎቱን ቁጥርና ፎቶግራፍ ይላኩ።

ሰዓቱ

የቁም ሰዓት ሲመረመር ፊቱ፣ ማሽኑና ሳጥኑ አብረው የተወለዱ መሆናቸው ነው የሚፈለገው። እኔ ራሴ በአንድ የገጠር ከተማ አዳራሽ የገዛሁትን ሰዓት ቤት አምጥቼ ስፈታ፣ ማሽኑ የሚያርፍበት እንጨት ላይ ከዚያ ማሽን ጋር የማይገጥሙ ሁለት ትርፍ የብሎን ቀዳዳዎች አገኘሁ። ካታሎጉ አልዋሸኝም፤ «የ18ኛው ክፍለ ዘመን የኦክ ሳጥን» ብሎ ስለ ማሽኑ ዝም ብሎ ነበር፤ ዝምታውን ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ መከለያው ተነሥቶ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። በፊቱ ላይ የተደፈነ የመሙያ ቀዳዳ ካለ ፊቱ ከሌላ ማሽን የመጣ ነው። የፊቱ ጠርዝ ተቆርጦ ወይም ተሞርዶ ከሆነ ሳጥኑ የእሱ አልነበረም። ዘመኑንም ከታሪክ ጋር ያገናዝቡ፦ የኔዘርላንዱ ሳይንቲስት ክርስቲያን ሃይገንስ ፔንዱለምን (እየተወዛወዘ የሰዓቱን ምት የሚጠብቀውን ዘንግ) በሰዓት ላይ ያዋለው በ1656 ስለሆነ ከዚያ በፊት ፔንዱለም ያለው ሰዓት ተሠራ የሚል መግለጫ አይታመንም፤ ቀለም የተቀባ ነጭ ፊትም በእንግሊዝ የቁም ሰዓቶች ላይ የመጣው ከ1770 ገደማ ወዲህ ነው፤ ቀደም ያሉት የናስ ፊት አላቸው። በፊቱ ላይ የተጻፈው ስም ሁልጊዜ የሠሪው አይደለም፤ የሸጠው ሱቅ ስም ሊሆን ይችላል።

የዝሆን ጥርስ ያለበት ሳጥን ከሆነ በ2022 ሥራ ላይ የዋለው የእንግሊዝ ሕግ ይመለከተዋል፤ ከመጋቢት 1947 በፊት የተሠራና የጥርሱ መጠን ከ10 በመቶ በታች የሆነ ዕቃ እንኳ ሳይመዘገብ አይሸጥም። በጨለማ እንዲያበራ ራዲየም የተባለ ጎጂ ጨረር የሚያወጣ ንጥረ ነገር የተቀባ የቆየ የጠረጴዛ ሰዓት ካጋጠመዎት መስታወቱን አይክፈቱ፣ ቀለሙንም አይፋቁ።

መጫወቻዎቹ

ስለ መጫወቻ የምለው አጭር ነው፤ ዋጋው በቀለሙና በካርቶኑ ላይ ይንጠለጠላል። ከ1934 ጀምሮ በሊቨርፑሉ መካኖ ፋብሪካ ስሙን ይዞ የወጣው ዲንኪ የተባለው ትንሽ የብረት መኪና ከነካርቶኑ ሲገኝና ያለ ካርቶን ሲቀርብ የዋጋው ልዩነት ጀማሪን ያስደነግጣል፤ ለዚህም ነው አዲስ ተመሳስለው የታተሙ ካርቶኖች የሚዞሩት። በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ በሰማያዊ የሚያበራ ወረቀት ከ1950 ገደማ ወዲህ የተለመደ ማንጫ የገባበት ስለሆነ፣ «ከጦርነቱ (ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት) በፊት» የተባለ ካርቶን ካበራ ነገሩ አበቃ። እንደገና የተቀባ መኪና በመንኰራኩሩ ዘንግ ጫፍና በሥሩ ብሎን ላይ የቀለም ትራፊ ይታይበታል። ከጦርነቱ በፊት የተሠሩት የዚንክ ቅይጥ መኪናዎች አንዳንዶቹ በብረቱ ውስጥ በገባ ባዕድ ነገር ምክንያት ከውስጥ ይሰነጣጠቃሉ፣ ያብጣሉ፤ ይህ ሕመም መድኃኒት የለውምና በአጉሊ መነጽር ፀጉር የምታህል ስንጥቅ እንኳ ካዩ ይለፉት። ስታይፍ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ የሚሠራው የጨርቅ ድብ ከ1904 ጀምሮ በጆሮው ላይ እንደ ልብስ ቁልፍ ያለ የብረት ቁልፍ ይደረግበታል፤ ቁልፉ ግን ከተቀደደ ድብ ተነቅሎ ሌላ ላይ ሊተከል ስለሚችል፣ በዙሪያው ያለው ጨርቅ አብሮ ማርጀቱን ይመልከቱ። በመጨረሻም፣ የቆየ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ለልጅ መጫወቻነት አይግዙት።

ዋጋ ሲሰጡ

መዶሻው የወደቀበት ዋጋ የሚከፍሉት ዋጋ አይደለም። ድርጅቱ በዚያ ላይ የገዢ ኮሚሽን ይጨምራል፤ በኮሚሽኑም ላይ 20 በመቶ ቫት ይታሰባል። ለምሳሌ ኮሚሽኑ 25 በመቶ ከሆነ በ1000 ፓውንድ የተመታ ሰዓት 250 ፓውንድ ኮሚሽንና 50 ፓውንድ ቫት ተጨምሮበት 1300 ፓውንድ ይሆናል፤ በኢንተርኔት ከተጫረቱ የድረ ገጹ ክፍያ ከዚህ በላይ ነው። ስለዚህ ጣሪያዎን ከመጨረሻው ድምር ወደ ኋላ እያሰሉ በወረቀት ላይ ይጻፉ። በአዳራሹ ሙቀት መያዝ የሚያስቸግርዎ ከሆነ ጣሪያውን በጽሑፍ ለድርጅቱ ትተው መሄድ ይችላሉ፤ አጫራቹ ሌሎች በሚሰጡት ልክ ብቻ እየጨመረ ይጫረትልዎታል። ሻጩ «ከዚህ በታች አይሸጥ» ብሎ የሚያስቀምጠው ምስጢራዊ ዋጋ ስላለ፣ እዚያ እስኪደርስ አጫራቹ በሻጩ ስም ሊጨምር እንደሚችልም አይርሱ፤ በአዳራሹ ውስጥ ማንም እጁን ሳያወጣ ዋጋው ሲወጣ ያዩት እንደሆነ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ከከፈሉ በኋላ ደረሰኙን፣ የካታሎጉን ገጽና ስለ ዕቃው የተጻጻፉትን ኢሜይል በአንድ አቃፊ ያስቀምጡ፤ ነገ ለመሸጥ ወይም ለመድን ዋስትና የሚጠየቁት እነዚህን ነው። ዕቃውን ድርጅቱ በሰጠው ቀነ ገደብ ውስጥ ካልወሰዱ የማከማቻ ክፍያ ይጀምራል። የቁም ሰዓት ከሆነ ከመጫኑ በፊት ክብደቶቹና ፔንዱለሙ ወርደው ለየብቻ ይጠቅለሉ፤ ማሽኑም ከሳጥኑ ወጥቶ ለብቻው ይታሸግ።