የናፍጣ መኪና ጠዋት አልነሳ ሲል
ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) በደንብ ያዞራል፤ ሞተሩ ግን አይነሳም። ደብረ ብርሃን ብርድ ስለሆነ ሁሉም ሰው ጣቱን የቀሰረው ማሞቂያ ካንዴላዎቹ (ሲሊንደሩን ለመነሳት የሚያሞቁት) ላይ ነበር። እኔን ያጠራጠረኝ ጭስ ማውጫው ምንም ጭስ አለማውጣቱ ነው። ችግሩ የካንዴላ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያልተቃጠለው ናፍጣ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣ ነበር። ጭስ ጨርሶ ከሌለ ናፍጣው ሲሊንደር አልደረሰም ማለት ነው።

ቁልፉን ስከፍት ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፖምፓ ላይ ያለው የናፍጣ መዝጊያ ቀጭ አለ፤ ኤሌክትሪኩ ደኅና ነው። የፊልትሮው (የናፍጣ ማጣሪያው) ራስ ላይ ያለችው የእጅ መግፊያ ግን ስጫናት ተልፈሰፈሰች። የማስተንፈሻውን ብሎን አላልቼ ደጋግሜ ስጫን አረፋ የበዛበት ናፍጣ ወጣ። አየር ገብቷል። በየት በኩል? መሬት ላይ አንዲት ጠብታ የለም! ለካ ከታንከር እስከ ፖምፓ ያለው መስመር ናፍጣ የሚሳብበት ነው፤ ቢሰነጠቅ አየር ያስገባል እንጂ ላያፈስ ይችላል። የፊልትሮውን መግቢያ ጎማ ጠምዘዝ ሳደርገው ከፋሼታው (ጎማውን አጥብቆ ከሚይዘው ቀለበት) ሥር ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ታየ።

ጎማውን ከነፋሼታው ቀየርኩ፤ መግፊያዋ እስክትጠነክርና ንጹሕ ናፍጣ እስኪወጣ ገፋሁ፤ ብሎኑን አጠበቅሁ። ሞተሩ ጥቂት ተንገጫግጮ ተነሳ።

ኤተር (ቶሎ የሚቀጣጠል ፈሳሽ) ርጩበት የሚል መካሪ መቼም አይጠፋም። ማሞቂያ ካንዴላ ባለው ሞተር ላይ አደገኛ ነውና አትስሙት።