ልጅ እያሳደጉ ለክብደት ማንሳት ውድድር መዘጋጀት፦ ጎንደር ለሚኖሩ ጀማሪዎች

የክብደት ማንሳት ውድድር ሁለት ማንሻ ብቻ አለው። ስናች ባሩን (ጫፎቹ ላይ ክብ የክብደት ዲስክ የሚገባበትን ረጅም ብረት) ከመሬት በአንድ ትንፋሽ ከራስ በላይ ማድረስ ነው፤ ክሊን ኤንድ ጀርክ ደግሞ መጀመሪያ ትከሻ ላይ አሳርፎ ከዚያ ወደ ላይ መግፋት። በእያንዳንዱ ሦስት ሙከራ ይሰጣል፣ የሁለቱ ምርጥ ውጤት ተደምሮ ደረጃ ይወጣል። ጊዜ ላጠረው ወላጅ የሚመቸውም ለዚህ ነው፦ በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት፣ በየልምምዱ ከ18 እስከ 30 ንጹሕ ማንሳት ለጀማሪ ይበቃል። የደረትና የክንድ ልምምዱን ጊዜ ሲተርፍ ትደርሱበታላችሁ። መቼም አይተርፍም፣ ግን ግድ የለም።

ጂም ስትመርጡ ከልጆች ትምህርት ቤት ወደ ሥራ በምትሄዱበት መንገድ ላይ ያለውን ያዙ። ማራኪ እየኖሩ ለተሻለ ዕቃ ብሎ አዘዞ ድረስ በባጃጅ መመላለስ ብዙ አይዘልቅም።

ከመመዝገባችሁ በፊት ግን ባሩን ፈትሹ። የወንዶች መወዳደሪያ ባር 20 ኪሎ ይመዝናል፣ ውፍረቱ 28 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሴቶቹ 15 ኪሎና 25 ሚሊ ሜትር። ባሩን ማስቀመጫው ላይ አድርጋችሁ ዲስክ የሚገባበትን ጫፍ በእጅ አሽከርክሩት። ለብቻው ካልዞረ ለስናች አይሆንም፤ ዲስኩ መዞር ሲያቅተው ባሩ እጃችሁ ውስጥ ይጠመዘዝና ጉዳቱ የእጅ አንጓና ክርን ላይ ያርፋል። ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልቶ በቧንቧ የተሠራውን ለስኳት (ባሩን ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ከተጠቀማችሁበት በቂ ነው።

ሁለተኛው የሚረሳ ነገር ቁመቱ ነው። የውድድር ትልቅ ዲስክ ከዳር እስከ ዳር 45 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ባሩ ከመሬት 22.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጣል። የጂሙ ዲስክ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ባሩ 15 ላይ ይቀራል፣ ጀርባ ሳይጎብጥ መነሳትም ይከብዳል። የጎደለውን 7.5 ሴንቲ ሜትር በጣውላ ሙሉት፤ ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን በሜትር ለኩ፣ አለዚያ ባሩ ገና ሲነሳ ያጋድላል። የብረት ዲስክ ከላይ አይጣልም። ልጅ ይዛችሁ ከመጣችሁ ከባሩ ቢያንስ 3 ሜትር ርቆ፣ በምታዩት ቦታ ይቀመጥ።

ስፖንጅ ሶል ያለው የሩጫ ጫማ አይሆንም፤ ክብደት ሲያርፍበት ይረግባል፣ ቁርጭምጭሚትም ይወላገዳል። ሸራ ጫማ ወስዳችሁ ጫማ ሰፊ ዘንድ ተረከዙ ሥር ጠንካራ ጎማ ወይም እንጨት 2 ሴንቲ ሜትር አስጨምሩ።

ልምምዱን በቀን ስም ሳይሆን በተራ ያዙት። በአንደኛው ስናች 6 ዙር ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ስኳት 3 ዙር አምስት አምስት። በሁለተኛው ክሊን ኤንድ ጀርክ 6 ዙር አንድ አንድ ጊዜ፣ ቀጥሎ ባሩን ፊት ትከሻ ላይ ይዞ ስኳት 4 ዙር ሦስት ሦስት። በሦስተኛው ሁለቱንም ማንሻ አምስት አምስት ነጠላ ሙከራ፣ በመጨረሻ ባሩን እስከ ወገብ ብቻ መሳብ 4 ዙር ሦስት ሦስት። ልጅ ታሞ አንድ ቀን ቢያመልጥ ተራው ካቆመበት ይቀጥላል፤ የሁለት ቀኑን በአንድ ቀን መጨረስ የሚያተርፈው የወገብ ሕመም ነው። የመጀመሪያውን ወር በባዶ ባር ሥሩ። ከዚያ ከስድስቱ ዙር አምስቱ ንጹሕ ሲሆን 2.5 ኪሎ ጨምሩ፣ ሁለት ተከታታይ ሲከሽፍ 10 በመቶ ቀንሱ። ሕፃን ሲያለቅስ ያደረ ሰው በማግስቱ ከምርጡ ከ70 በመቶ አይለፍ።

ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ከፍታው ነጠላ ማንሳትን ብዙም አይጎዳም፤ ከመተማ ወይም ከሌላ ቆላ በቅርቡ የመጣ ሰው ግን በዙሮች መካከል 3 ደቂቃ ይረፍ።

ጀማሪ ላይ በብዛት የሚታየው ስህተት ባሩ ከሰውነት መራቁ ነው። ከጉልበት በላይ ሲደርስ ጭን እየዳሰሰ መውጣት አለበት፤ በአንድ መዳፍ እንኳ ከራቀ ወደ ፊት ይጎትታችኋል፣ ስናቹም ከፊታችሁ ይወድቃል። መንስኤው ብዙውን ጊዜ ክንድን ቶሎ ማጠፍ ነው፤ እግር ገፍቶ ሳይጨርስ ክንድ መሳብ የለበትም። አያያዙም የራሱ ዘዴ አለው፦ አውራ ጣት ባሩን ከያዘ በኋላ ጠቋሚና የመሃል ጣት በላዩ ይደረባሉ። መጀመሪያ ላይ ያማል፣ ግን ከባድ ክብደት ከእጅ እንዳያመልጥ የሚያደርገው ይኸው ነው።

እናቶች ከወሊድ በኋላ በሐኪም ሳይታዩ አይጀምሩ። ስታነሱ ሽንት የሚያመልጣችሁ ከሆነ ክብደቱን ቀንሱና ባለሙያ አማክሩ፤ የሚታከም ነገር ነው፣ ዝም ተብሎ አይታለፍም።

ረቡዕና ዓርብ ለምትጾሙ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ይስማማሉ። በዐቢይ ጾም ልምምዱን ከምግብ በኋላ ወደ ማታ አዙሩ፣ ዙሮቹንም በአንድ ሦስተኛ ቀንሱ። በረመዳን ከኢፍጣር ሁለት ሰዓት በኋላ ይሻላል። በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደታችሁ 1.6 ግራም ገደማ ፕሮቲን ያዙ፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን 112 ግራም ማለት ነው። መቶ ግራም ደረቅ ሽሮ 20 ግራም አካባቢ፣ ምስርና ኦቾሎኒ 25 አካባቢ ይሰጣሉ፤ አንድ እንቁላል 6። እንጀራ በልቶ ወዲያው ስኳት መሥራት ሆድ ያስጨንቃል፤ ከልምምድ አንድ ሰዓት በፊት በውኃ የተበጠበጠ በሶ ይበቃል።

ለውድድር በክለብ በኩል መመዝገብ ስለሚያስፈልግ የከተማውን ስፖርት መምሪያ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። ሚዛን የሚወጣው ውድድሩ ከመጀመሩ ሁለት ሰዓት በፊት ነው፤ ልጅ የሚይዝላችሁን ሰው ለ4 ሰዓት ተነጋገሩ። መድረክ ላይ ስማችሁ ከተጠራ አንድ ደቂቃ አላችሁ። ክርን ታጥፎ ከቆየ በኋላ ገፍቶ ማቅናት ዳኞች የሚሽሩት ስህተት ነው፤ ከሦስቱ ሁለቱ ነጭ መብራት ካልሰጡ አይቆጠርም። አውርድ የሚለው ምልክት ሳይሰጥ ባሩን አታውርዱ፤ ሲወርድም ከትከሻ በታች እስኪያልፍ እጅ አይለቀውም። የመጀመሪያ ሙከራችሁን በልምምድ ከአሥር ዘጠኙን ከምታነሱት አታስበልጡ፣ ምክንያቱም ሦስቱንም ስናች ያከሸፈ ሰው ክሊን ኤንድ ጀርኩ ምንም ያህል ቢያምር ድምር የለውም።