ክሊኒክ ያላችሁ፣ በሠራተኞቻችሁ ጤና ላይ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

አሥር አሥራ አምስት ሰው የሚሠራበት የግል ክሊኒክ ውስጥ "ለሠራተኛው አንድ ነገር እናድርግ" ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ኬክ፣ ቲሸርት ወይም የቢሾፍቱ ደርሶ መልስ ነው። ደስ ይላል፣ አልቃወምም። ግን ቀኑን ሙሉ ደም የምትቀዳው ነርስ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ካልወሰደች ሽርሽሩ ይቆይ። ክትባቱ ሦስት ዙር ነው፤ ሁለተኛው ከአንድ ወር በኋላ፣ ሦስተኛው በ6ኛው ወር ይሰጣል። አንዴ ተወግቶ ቀሪውን የሚረሳ ስለማይጠፋ መዝግባችሁ ተከታተሉ።

የጽዳት ሠራተኛዋንም አትዝለሏት። ሐኪሙና ነርሷ ይከተባሉ፣ ቆሻሻውን የምታነሳው እሷ ግን ትረሳለች። ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሴፍቲ ቦክስ ጢም ብሎ ሞልቶ "ትንሽ ይይዛል" እየተባለ ሲጠቀጠቅ አይቻለሁ። ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋ። ወፍራም ጓንትና ድፍን ጫማ ደግሞ ግዴታ ነው።

ከሁሉም የሚብሰው መርፌ የወጋውን ሰው መቆጣት ነው። "አይንሽ የት ነበር?" የተባለች ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ትደብቃለች፣ ስትደብቅ ደግሞ ሰዓቱ ይሄዳል፤ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ ግን በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን መወሰድ አለበት። መጀመሪያ ቦታውን በውሃና በሳሙና መታጠብ፣ ሳይጨምቁ። ከዚያስ? ማታ ዲውቲ ላይ ብትወጋ ለማን ትደውላለች? መድኃኒቱ የት ይገኛል? የታክሲውን ማን ይከፍላል? ይሄ ሁሉ ተጽፎ መርፌ የሚወጋበት ክፍል ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ያገለገለ መርፌ መልሶ መክደንንም አስቁሙ፣ እዚያ ላይ የሚወጋ ሰው ብዙ ነው።

የዓመት ፈቃድ መግፋትም አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል። "ላብራቶሪ ላይ ያለን አንድ ሰው ነው" የሚለው እውነት ነው፣ ይገባኛል፤ ለዚህ ነው ተተኪውን ቀደም ብሎ ማነጋገር የሚያስፈልገው። ስብሰባና ስልጠናውንም በሰው የእረፍት ቀን አትጥሩ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፣ ምስጢር። ሠራተኛ በነፃ ይታከም ማለት ጥሩ ነው። ነገር ግን የእርግዝና ወይም የኤችአይቪ ውጤቷን አብራት ቡና የምትጠጣው ልጅ ካነበበችው ማን ይመረመራል? በአካባቢያችሁ ካለ ሌላ ክሊኒክ ጋር ተስማሙ፤ የእናንተ ሠራተኛ እዚያ፣ የእነሱ እናንተ ጋ ይታከም።