ከቡቺ ጅራት ሥር የወጣው ትል ዘሩ እንዲለይ

አንዲት ደንበኛ በፌስታል ጠቅልላ ያመጣችልኝ ነገር ሩዝ ይመስላል። «ከቡቺ ጅራት ሥር ነው ያነሳሁት፤ ሲንቀሳቀስ አይቼዋለሁ» አለችኝ። በሁለቱም ጎኑ የመራቢያ ቀዳዳ አለው፤ ዲፒሊዲየም የሚባል ጠፍጣፋ የሆድ ትል ቁራጭ ነው ማለት ነው። ቴኒያ የሚባለው ሌላ ጠፍጣፋ ትል ቁራጭ ቀዳዳው በአንድ ጎን ብቻ ነው። እስከዚህ አጉሊ መነጽር ይበቃል። ችግር የሚመጣው እንቁላል ብቻ ሲገኝ ነው፦ የቴኒያና የኢኪኖኮከስ (ይህም ጠፍጣፋ ትል ነው) እንቁላል በማይክሮስኮፕ አይለይም። ከቴኒያዎቹ አንዱ በግ ላይ አዙሪት ያመጣል፤ ኢኪኖኮከስ ደግሞ ሰው ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል። ያኔ ነው ሲክዌንሲንግ፣ ማለትም የዲኤንኤን ፊደላት ማንበብ፣ የሚያስፈልገው።

ቁራጩን በጓንትና በወረንጦ አንሱ፣ በውሃ አለቅልቁ፣ 70 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ኤታኖል ውስጥ ክተቱ። ፎርማሊን በፍጹም! እኔ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ሣጥን ሙሉ ናሙና በፎርማሊን አስቀምጬ ከአንዱም የሚነበብ ዲኤንኤ አላገኘሁም። ስሙን በእርሳስ ጽፋችሁ ወረቀቱን ጠርሙሱ ውስጥ ክተቱ፤ የእስክርቢቶ ቀለም ኤታኖል ሲነካው ይጠፋል። ውሻ ይሁን ድመት ጻፉ፣ የሁለቱ ዲፒሊዲየም በዘረመል ይለያያልና።

ኤታኖል እንቁላሉን እንደማይገድል አትርሱ። ኢኪኖኮከስ ከጠረጠርን ዓይነ ምድሩን ከመንካታችን በፊት ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ ሳምንት እናቆየዋለን። የቤት ፍሪጅ አይበቃም።

ከቁራጩ ትንሽ ቆርጣችሁ ኤታኖሉ ተንኖ እስኪያልቅ ጠብቁ፣ ከዚያ ፕሮቲን በሚፈጭ ኢንዛይም፣ በፕሮቲኔዝ ኬ፣ 56 ዲግሪ ላይ አሳድሩት። ለፒሲአር (ዲኤንኤን ለሚያባዛው ዘዴ) ጄቢ3 እና ጄቢ4.5 የሚባሉትን ፕራይመሮች፣ ማለትም የሚባዛውን ቦታ የሚያመለክቱ አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች፣ እጠቀማለሁ፤ ዝርያ ለመለየት ከሚያገለግለው ከኮክስ1 ጂን 450 ፊደል ገደማ ያወጣሉ። በናሙናው ፋንታ ውሃ ብቻ የገባበት ቱቦ ዲኤንኤ በሚታይበት ጄል ላይ መስመር ካሳየ ሁሉንም ጣሉት፤ ብክለት አለ። ንጹሕ ከሆነ በሁለቱም አቅጣጫ ይነበብ።

ውጤቱ ሲመጣ የተዘበራረቁትን ጫፎች ቁረጡ፣ ከዚያ የተነበበውን ከተመዘገቡ ዲኤንኤዎች ጋር የሚያነጻጽረው ብላስት ላይ አስገቡ። «99 በመቶ ይመሳሰላል» የሚለውን አይታችሁ አትደሰቱ፤ ካስገባችሁት ፊደል ምን ያህሉ እንደተነጻጸረም ተመልከቱ። የዲኤንኤ መዝገቦች በሚቀመጡበት ጂንባንክ ላይ ስሙ የተሳሳተ መዝገብም ስላለ በአንድ ብቻ አትወስኑ።

የቡቺ ትል የውሻው ዓይነት ዲፒሊዲየም ሆኖ ተገኘ። ፕራዚኳንተል የተባለውን የትል መድኃኒት ሰጠነው፣ ትሉን የሚያስተላልፈው ቁንጫ ስለሆነ ምንጣፉም እንዲታጠብ ነገርናት። ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ፌስታል ይዛ መጣች። «ምንጣፉስ?» አልኳት። ሳቀች።