የገና አባት ማኅተም ያለበት ፖስትካርድ ለመላክ

ፊንላንድ፣ ሮቫኒየሚ የምትሄዱ ካላችሁ ፖስትካርዱን ከተማ ውስጥ ያገኛችሁት ሳጥን ውስጥ እንዳትከቱት። የአርክቲክ ክበብ ልዩ ማኅተም የሚመታው የገና አባት መንደር ካለው ፖስታ ቤት በሚላክ ካርድ ላይ ነው። መንደሩ ከከተማው 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ታክሲ አያስፈልግም፣ 8 ቁጥር አውቶቡስ ያደርሳችኋል።

ዘዴው ይኸውላችሁ፦ ቴምብሩን ቀድማችሁ ግዙና ለጥፉ፣ አድራሻውንም ማታ ማረፊያችሁ ጻፉት (አውቶቡስ ላይ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ የኔን እንዴት እንዳነበቡት እንጃ)፣ ከዚያ ስትደርሱ ሳጥኑ ውስጥ ጣል ማድረግ ብቻ ነው፣ ሰልፍ የለ ምን የለ። በቴምብሩ ዙሪያ ቦታ ተዉ፣ ማኅተሙ እዚያ ነው የሚያርፈው። ወደ ኢትዮጵያ ከሆነ የፖስታ ሣጥን ቁጥሩን እንዳትረሱ። ደግሞ የኛ ገና ታኅሣሥ 29 ስለሆነ ከፈረንጆቹ ሁለት ሳምንት ገደማ ትርፍ አላችሁ።

አንድ ነገር ግን፦ እዚያ ሁለት ዓይነት ሳጥን አለ። ቀዩ ለሚቀጥለው ገና የሚቆይ ነው። በሐምሌ ሄዳችሁ እሱ ውስጥ ከከተታችሁ ካርዱ ገና እስኪደርስ ቁጭ ይላል። ለልደት ወይም ለምርቃት ከሆነ ሌላኛው ውስጥ ክተቱት።