ፊታችሁ ሁሉም ነገር ሲያቃጥለው የሚሰሩ ስህተቶች

ውሃ ሲነካው እንኳ የሚቆጠቁጥ፣ ከታጠባችሁ በኋላ የሚወጥር፣ አፍንጫ ዳር ዳሩን የሚላጥ ፊት ካላችሁ ስኪን ባሪየራችሁ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። እሱ ማለት የቆዳችን የላይኛው ስስ ክፍል ነው፣ እንደ ሴራማይድና ኮሌስትሮል ያሉ ቅባቶቹ ናቸው እርጥበታችንን የሚይዙልን።

አንደኛው ስህተት ለማከም ብሎ ሌላ መጨመር ነው፣ ቲክቶክ ላይ የታየ ሬቲኖል፣ ግላይኮሊክ አሲድ፣ ቫይታሚን ሲ፣ በላዩ ደግሞ ስክራብ፣ ከዛ ሲያቃጥል "እየሰራ ነው" ይባላል። ኧረ አይደለም፣ እየተላጣችሁ ነው! ሁሉንም አቁሙና ለስላሳ መታጠቢያ፣ ሽታ የሌለው ክሬም፣ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ)፣ በቃ። ቆዳ ላዩን ለመተካት ወደ 4 ሳምንት ስለሚወስድበት በሶስተኛው ቀን ለውጥ የለም ብላችሁ አትቀይሩ።

ሎሚ ደግሞ አለ። የጤነኛ ቆዳ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 5 አካባቢ ነው፣ የሎሚ 2 ገደማ፣ የደረቅ ሳሙና ወደ 10 ይጠጋል፣ ሁለቱም ለተጎዳ ፊት አይሆኑም። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣትማ አቃጥሎ ጥቁር ምልክት ጥሎ ነው የሚሄደው፣ ማድያት ላጥፋ ያለች ልጅ ሌላ ጥቁረት ይዛ ትመጣለች።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን የሚያቀላ ክሬም ነው፣ በተለይ እቃው ላይ ምኑም ያልተጻፈበት ቅልቅል። አንዳንዱ ውስጥ ክሎቤታሶል አለ፣ ይሄ ለከባድ የቆዳ በሽታ ሃኪም የሚያዘው በጣም ሃይለኛ ስቴሮይድ (የቆዳ መቆጣት የሚያበርድ መድሃኒት) ነው። መጀመሪያ ፊት ያጠራል፣ ሰው ሁሉ "ምን ተቀባሽ" ይላል፣ እየቆየ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ደም ስር ይታያል፣ ሲያቆሙት ፊት ደም ይመስላል፣ እንደ እሳት ያቃጥላል፣ ብጉር የሚመስል ነገር ይወጣል፣ ሰውም ደንግጦ ተመልሶ ይቀባዋል። ለወራት የተቀባችሁ ካላችሁ ክሬሙን ይዛችሁ የቆዳ ሃኪም ጋ ሂዱና እንዴት እንደምታቆሙት እሱ ይንገራችሁ።

ቫዝሊን ያጠቁራል ብሎ መተውም ስህተት ነው። ምንም የሚያጠቁር ነገር የለውም፣ እርጥበት እንዳይተን በመያዝ ደግሞ ከብዙ ውድ ክሬም ይበልጣል፣ ፊታችሁ ሳይደርቅ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት (ብጉር የሚበዛባችሁ የደረቀው ቦታ ላይ ብቻ)።

ደመና ነው ብሎ ሰንስክሪን መተውም አለ፣ የፀሐይ ጨረር ግን ደመናንም ያልፋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው፣ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ጨረሩም ይጨምራል። ሰንስክሪኑ ካቃጠላችሁ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን ሞክሩ፣ እሱም ካልተገኘ ኮፍያ ወይ ጥላ።

ፊታችሁ ውሃ ካዘለ፣ ቢጫ ቅርፊት ካወጣ ወይ አይናችሁ ካበጠ ግን ቤት አትቆዩ፣ የዛኑ ቀን ታዩ።