ቅርጻ ቅርጽ ከቤት ሲወጣ፦ በትንሽ ከተማ ዓመታዊ ዐውደ ርዕይ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ለአደባባይ ቅርጻ ቅርጽ ዐውደ ርዕይ ትንሽ ከተማ ከትልቅ ከተማ ይልቅ ትመቻለች። አደባባዩ፣ የወንዙ ዳርና የትምህርት ቤቱ ግቢ በእግር የሚዳረሱ ናቸው፤ ሰውም ሥራዎቹን ወደ ገበያ ሲሄድና ሲመለስ ያያቸዋል። እንዲህ ዓይነቱን ዝግጅት ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው የሥራዎቹ ጥራት ሳይሆን ከበታቻቸው ያለው ነገር ነው፦ አፈሩ፣ መሠረቱ፣ ቡሎኑ። እዚህም ሰፊውን ቦታ የሰጠነው ለእነዚህ ነው።

ነፋስን በዓይን መገመት

ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ይህ ነው፤ ሰው ይገድላልና። እ.ኤ.አ. በ2006 በሰሜን እንግሊዝ ቸስተር ለ ስትሪት በምትባል ትንሽ ከተማ፣ መናፈሻ ውስጥ የተተከለ፣ ሰዎች ውስጡ ገብተው የሚጎበኙት በአየር የተነፋ ግዙፍ የጥበብ ሥራ ከማሰሪያው ተነቅሎ ወደ ላይ ተነሣ፤ ሁለት ሴቶች ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ ክሪስቶና ዣን ክሎድ የተባሉት ጥንድ የጥበብ ሰዎች በካሊፎርኒያ ካቆሟቸው ግዙፍ ጃንጥላዎች አንዱን ነፋስ ነቅሎት አንዲት ጎብኚ ገድሏል።

ስለዚህ አስሉት። በሰከንድ 30 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የ55 ኪሎ ያህል ግፊት ያሳርፋል። ለጠፍጣፋ ነገር ይህን በ1.3 አባዙት። 1 ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ቁመት ያለው ላሜራ ከመሠረቱ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ቢቆም ነፋሱ በ145 ኪሎ ጉልበት ይገፋዋል። ግፊቱ የሚያርፈው የላሜራው መሃል ላይ ስለሆነ መሠረቱን እንደ ረጅም እጀታ ይዞ ይጥለዋል። መሠረቱ 1 ሜትር በ1 ሜትር ከሆነና የሚያስፈልገውን ክብደት ለጥንቃቄ በአንድ ተኩል እጥፍ ብናሰላው ወደ 880 ኪሎ ይደርሳል። 40 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት 960 ኪሎ ስለሚመዝን ይበቃል። ለዓይን ጠንካራ የሚመስለው ባለ 15 ሳንቲ ሜትሩ ንጣፍ ግን 360 ኪሎ ብቻ ነው። ቁመቱ ከ3 ሜትር የሚያልፍ ሥራ ሲሆን ስሌቱን የሲቪል መሐንዲስ ሳያየውና ሳይፈርምበት አታቁሙ።

መሠረቱን ዋልካ አፈር ላይ ማሳረፍ

ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በኅዳር ቀጥ ብሎ የቆመ ሥራ ሐምሌ ላይ ዘንበል ብሎ የሚገኘው ለዚህ ነው። ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍራችሁ ጥቁሩን አውጡና በገረጋንቲ ሙሉት፤ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ውሃ እያርከፈከፋችሁ ጠቅጥቁ። የዝናብ ውሃ ወደ መሠረቱ እንዳይመለስም ዙሪያውን ወደ ውጭ አዘቅዝቁት።

ኮንክሪቱን በመክፈቻው ሳምንት መሙላት የተለመደ ችኮላ ነው። የታሰበለትን ጥንካሬ የሚይዘው በ28 ቀን ነው፤ የመጀመሪያዎቹን 7 ቀናት ሳይደርቅ ውሃ መጠጣት አለበት። ቡሎኖቹን ስትቀብሩ ደግሞ ከቀራጺው የመጣ ቅድ ይኑራችሁ፦ የሥራው እግር ብረት ላይ ያሉት ቀዳዳዎች በትክክል የተቀረጹበት ስስ ላሜራ። ቅዱ ከሌለ ሥራው በክሬን ተንጠልጥሎ ሳለ ቀዳዳና ቡሎን አይገጥሙም፤ ያኔ በብየዳ እሳት ቀዳዳውን ማስፋት ይመጣል፣ ሮንዴላው የሚይዘው ብረት ያጣል። ለአንድ ስስ ላሜራ ሲባል የዓመት ልፋት መናጋት የለበትም።

ለውሃ መውጫ አለመተው

ባዶ ሆኖ የተበየደ ብረት ሙሉ በሙሉ የታሸገ ቢመስልም ውሃ በመርፌ ቀዳዳ በምታክል የብየዳ ክፍተት ይገባል፤ የሌሊቱ ቅዝቃዜም ውስጡ ያለውን እርጥበት ጤዛ ያደርገዋል። መውጫ ስለሌለው ከውስጥ ይዝጋል፣ ቀለሙ ከውጭ ማበጥ ሲጀምር ጊዜው አልፏል። በእያንዳንዱ ዝግ ክፍል ዝቅተኛ ቦታ ላይ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ ብሱ። ብረትና ነሐስ በሚገናኙበት ደግሞ በመካከላቸው የጎማ ወይም የናይለን ሮንዴላ ይግባ፤ አለዚያ ሲረጥቡ ብረቱ ቶሎ ይበላል።

ለክፍል የተሠራውን ደጅ ማውጣት

ጀሶ ዝናብ ላይ አይቆምም፤ ቀለም ቢቀባም ውሃው ከሥር ይገባል። ደጅ የሚቆመውን በሲሚንቶ ወይም በፋይበርግላስ ውሰዱ። እንጨትን አፈር ውስጥ መቅበር ምስጥን መጋበዝ ነው፤ ግንዱን በብረት ጫማ ይዛችሁ ከመሬት 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት።

«አትንኩ» የሚል ጽሑፍ ላይ መተማመን

ልጆች ይወጡበታል። ይህን እንደ ጥፋት ሳይሆን እንደ እውነት ተቀበሉት። እስከ 2 ሜትር ከፍታ ስለታም ጠርዝ አይኑር፤ ከ9 እስከ 23 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ክፍተትም ጭንቅላት ገብቶ የሚቀረቀርበት ልክ ነውና ይዘጋ ወይም ይስፋ።

ስርቆትንም አትናቁ። የእንግሊዛዊው ቀራጺ የሄንሪ ሙር 2.1 ቶን የሚመዝን የነሐስ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2005 ከእንግሊዝ ገጠር በክሬን መኪና ተጭኖ ተወስዷል፤ ፖሊስም ለብረቱ ሲባል እንደቀለጠ ያምናል። ክብደት ብቻውን ጥበቃ አይሆንም፤ መብራትና ዘበኛ በበጀቱ ውስጥ ይግቡ።

ስለ አቀማመጥ አንድ ነገር ብቻ እንበል፦ ተመልካች የሥራውን ቁመት እጥፍ ያህል ወደ ኋላ መራቅ መቻል አለበት። 3 ሜትር ለሚረዝም ሥራ ቢያንስ 6 ሜትር ክፍት ቦታ ማለት ነው። የመብራት ገመድና ማስታወቂያ ከጀርባው ካለ ቦታ ቀይሩ።

ከመዝጊያው በኋላ ያለውን አለማሰብ

ማን ይነቅላል፣ ማን ያጓጉዛል፣ ጉዳት ቢደርስ ማን ይከፍላል፣ ሥራው ቢሸጥ አዘጋጁ ስንት ይወስዳል፤ ይህ ሁሉ ሥራው ከመጫኑ በፊት ይፈረም። በአሜሪካ ኮሎራዶ የላቭላንድ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ በምታካሂደው የቅርጻ ቅርጽ ትርኢት አዘጋጁ ከሽያጩ የሚያገኘው ገቢ ለመናፈሻዋ ቋሚ ሥራዎች መግዣ ይውላል፤ ጥሩ መንገድ ነው።

መሠረቶቹንም በየዓመቱ አታፍርሱ። ሁሉንም በአንድ ልክ አድርጓቸው፤ ለምሳሌ አራት ቡሎን በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት። ልኩን ከማመልከቻ ጥሪው ጋር ለቀራጺዎች ላኩ። ባዶ በሚሆኑበት ወቅት ቡሎኖቹን ቅባት ቀብታችሁ እግረኛ እንዳያደናቅፉ በላሜራ ክዳን ሸፍኗቸው።